ሳይጠማህ ጠጣ

ወንድሜ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። መሪ ይዞ ሽንት ቤት መሄድ ስለማይቻል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሥራ ሰዓት ውሃ አይጠጣም፤ ከንፈሩን ብቻ ያረጥባል። ባለፈው ዓመት የትራንስፖርት ሠራተኞች የሃምሳ ኪሎሜትር የእግር ጉዞ ላይም በዚሁ ልማዱ ወጣ። በሃያ ሰባተኛው ኪሎሜትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ወደቀ። በቃሬዛ ሲያወጡት ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። ከዚያ ወዲህ ዴፖው ውስጥ ስሙ ቃሬዛ ሆነ።

«ቃሬዛ፣ ዘንድሮስ ስንተኛው ኪሎሜትር ላይ እንጠብቅህ?» ይሉታል፣ ትኬት ቆራጮቹ ሳይቀሩ። እሱም አብሮ ይስቃል። አንድ ቀን የሰባት ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «አባዬ፣ የቃሬዛ ልጅ የሚሉኝ ለምንድን ነው?» አለችው። በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣ።

«እትዬ፣ ዘንድሮ በሁለት እግሬ መጨረስ አለብኝ።»

የእኔ ሥራ ሚዛን መፈተሽ ነው። በየመጋዘኑና በየሱቁ እየዞርኩ፣ ክብደታቸው የታወቀ ብረቶች እየጫንኩ፣ ሚዛን ይዋሽ አይዋሽ አረጋግጣለሁ። በረንዳዬ ላይ ከመሥሪያ ቤት የተወገደ የመድረክ ሚዛን አለ፤ ራሴ ጠግኜዋለሁ፣ ሃምሳ ግራም አይስትም። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ሰው ሲጓዝ ያልበዋል፣ ሲያልበው ይቀልላል። ሲወጣ እመዝነዋለሁ፣ ሲመለስ እመዝነዋለሁ፤ ልዩነቱ እስኪጠፋ ድረስ ውሃውን እጨምራለሁ።

የእጅ ሰዓቱን በየሩብ ሰዓቱ እንዲጮህ ሞላሁለት። በጮኸ ቁጥር ሩብ ሊትር።

«ካልጠማኝስ?»

«ሳይጠማህ ጠጣ። ጥማት ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው።»

መንገዱ ከቤቴ በር ተነስቶ፣ ጎማ ጥገናውን አልፎ፣ በሲሚንቶ መጋዘኑ ረጅም ግንብ ሥር ሄዶ፣ ዴፖውን ዞሮ መልሶ ወደ ቤቴ በር ይመጣል፤ ስምንት ኪሎሜትር ተኩል ነው። ግንቡ ሥር ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጥላ የለም። አስፋልቱ ለስልሶ የጫማ ሶል ይይዛል። ጎማ ጥገናው በር ላይ የምትተኛው ውሻ እንኳን እግረኛ ሲያልፍ ቀና ብላ ለማየት ትሰንፋለች። ውድድሩ በዚህ ሰዓት ስለሆነ ልምምዱም በዚህ ሰዓት ሆነ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ተኩል ቀለለ። በሦስተኛው ዘጠኝ መቶ ግራም፣ በአምስተኛው አራት መቶ። በሰባተኛው ሳምንት ሲወጣና ሲመለስ አንድ ሆነ። ያን ቀን በረንዳው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንደ ልጅ ዘለልን።

ሚስቱ አልዘለለችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ ትንሽ ነገር አያልፍም።

«እትዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ እንጂ... ጣቱን አይተውታል? ትናንት ቀለበቱን በሳሙናም በክርም ብል አልወጣ አለኝ።»

«ሙቀት ነው» አልኳት። «ሲሄድ እጁ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ደም ይወርድበታል።»

«አምና በጥማት ወደቀ፤ ዘንድሮ በርሜል አደረጉት። እባብ ያየ በልጥ በረየ።»

«ከቃሬዛ በርሜል ይሻላል፣ እመቤቴ» አላት ወንድሜ፣ ጠርሙሱን ወደ ላይ አንስቶ። እኔና እሱ ሳቅን። ሁሉንም ነገር መጻፍ ልማዴ ስለሆነ ደብተሬ ላይ «ቀለበት ጠበቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻውን ረጅም ልምምድ አደረገ፤ አራት ዙር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውን ዙር ሲጨርስ የሰዓቱን ማሰሪያ በአንድ ቀዳዳ አላላው። ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ በሩን ይዞ ቆመ።

«እትዬ፣ ራሴን ይወጋኛል።»

«ውሃ አንሶህ ነው።»

«ሆዴ ውስጥ ይንቦጫቦጫል እኮ።»

«ይንቦጫቦጭ!» አልኩት። አንዱን ጠርሙስ ጨርሶ እስኪጠጣ አጠገቡ ቆምኩ፤ ሌላ ሁለት አስያዝኩትና ላክሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ፊቱ አብጦ ያብለጨልጫል። «ሃያ ሰባትን አለፍኳት» አለኝ። «ጎበዝ!» አልኩት። ጫማውን ሲያወልቅ፣ ልክ ቅድም ያላለው ይመስል፣ «ሃያ ሰባትን አለፍኳት» አለ እንደገና። ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። ሰማንያ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ።

ሰባት ሰዓት በፀሐይ የተጓዘ ሰው ክብደት አይጨምርም። ስለዚህ ሚዛኑ ተሳስቷል ማለት ነው።

ወንድሜን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ጠርሙስ አስያዝኩትና ብረቶቼን አመጣሁ። ሃያ ኪሎ፣ አርባ፣ ስልሳ፣ ሰማንያ። በእያንዳንዱ ላይ መርፌው እስኪረጋ ጠበቅኩ። ከኋላዬ ሲያስመልሰው ሰማሁ። «አንዴ ታገሠኝ» አልኩት፣ ዞር ሳልል። ሚዛኑ ልክ ነበር። ብረቶቹን አውርጄ እንደገና ጫንኳቸው። አሁንም ልክ ነበር።

ስዞር ጠርሙሱን እያየ ነበር፤ ምን እንደሚደረግበት የጠፋው ይመስላል። የእጅ ሰዓቱ ጮኸ። ጠርሙሱን ወደ አፉ ሊያነሳ ሲል እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ መላ አካሉ።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሟ ስንት እንደጠጣ ጠየቀችኝ። ደብተሩን ሰጠኋት፤ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓትም እንኳን በደብተሩ ኮርቼ ነበር። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ቀለበቱ ላይ ቆመች። ማሰሪያው ላይ ቆመች። ራስ ምታቱ ላይ ቆመች።

«ሁሉም እዚህ ተጽፏል» አለች።

«ምንድን ነው የያዘው?»

«ውሃ። ሲበዛ በደም ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፤ አንጎል ያብጣል። ባይመዝኑት ኖሮ ሲጠማው ብቻ ይጠጣ ነበር።»

ዓይኑን የገለጠው በሦስተኛው ቀን ነው። ግራ እጁ አይጨብጥም። ልጁን በእናታችን ስም ይጠራታል። መሪ መያዝ ይቅርና ማንኪያ መያዙም ገና አይታወቅም አሉን። የዴፖ ጓደኞቹ መጥተው ከአልጋው ግርጌ ተደርድረው ቆሙ፤ ቃሬዛ ያለው የለም፤ ስሙን ይጠሩታል፣ ቀስ ብለው፣ እንደ እንግዳ።

በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ እንዳይሰጠው ታዘዘ። መለኪያ ብርጭቆ አልጋው አጠገብ አስቀመጡ።

«እትዬ» አለኝ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ «ውሃ።»

በሙሉ አእምሮው የጠራኝ መሰለኝና ደስ አለኝ። ብርጭቆውን አንስቼ ቀዳሁ፤ ውሃው መስመሩ ላይ መድረሱን ለማየት ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ሚስቱ ከአልጋው ማዶ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ።

«አንቺ አትስጪው» አለችኝ።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንቺ ብላኝ አታውቅም። መስመሩን አላየችም። የነጠላዋን ጫፍ ብርጭቆው ውስጥ ነከረችና ከንፈሩን አረጠበችለት።