ሦስተኛው ጥንድ ስፒከር

ዲጄውን ወገቡ የከዳው ከመኪና ላይ ስፒከር ሲያወርድ ነው። ስፒከር መባሉ እንኳ ለወጉ ነው እንጂ ቁም ሣጥን ነበር፤ ከእንጨት የተሠራ፣ አምፕሊፋየሩ ለብቻው የሚጎተትለት፣ ሁለት ጎረምሳ አስምጦ የሚነሳ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማንሳት የለም» አለው። ከሰርግ ሰርግ እየዞረ ለሚያጫውት ሰው ይህ «አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ» ከማለት አይተናነስም።

የቀረለት አምፕሊፋየሩ ሆዱ ውስጥ የተገጠመለት ዘመነኛው ስፒከር ነው፤ ፕላስቲክ፣ ቀላል፣ ሶኬት ሰክቶ ማጫወት ብቻ። ለመምረጡ ደግሞ ማን እንደ እሱ! የከተማው ዲጄዎች ዕቃ ሲገዙ እሱን ይዘው ነበር የሚሄዱት። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር አያነብም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ይሄ» ይላል። ይሄ ያለው ዕቃ ደግሞ ባለቤቱን አሳፍሮ አያውቅም።

ጥድፊያም ነበረበት። አንዲት የሰርግ አዳራሽ ባለቤት ቋሚ ዲጄ ፈልጋ «አንድ ሰርግ ላይ ልስማህ፤ ከወደድኩህ እዚሁ ትቀራለህ» ብላዋለች። ቋሚ ማለት ዕቃው እንደተተከለ የሚኖርበት፣ መጫን ማውረድ የሌለበት ሥራ ነው። ለዚያ ወገብ ከዚህ ሌላ የተከፈተ በር አልነበረም።

ከልብስ ሰፊ ሚስቱ ጋር ወደ ሱቁ ሄዱ። ሦስት ጥንድ ስፒከሮች ተደርድረው ጠበቁት። እንደ ልማዱ መሞከሪያ ዘፈኑን አስከፈተ። አንዲት ሴት የምትዘፍነው ነው፤ ከድምጿ ኋላ የቁልፍ ዘለላ ሲንቀጫቀጭ የሚመስል ስስ ቅጭልታ አለ። ያ ቅጭልታ ጥርት ብሎ ካልተሰማ ስፒከሩ ስፒከር አይደለም ባይ ነው።

የመጀመሪያው ጥንድ ተከፈተ። ዓይኑን ጨፈነ። ድምጿ አለ፣ ቤዙ አለ፣ ቅጭልታው የለም።

«ይሄስ ብርድ ልብስ ተከናንቧል» አለ።

ባለሱቁ ግራ ተጋባ። «ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ የሚወስደው እኮ እሱን ነው።»

«ሰዉ ምን ያውቃል?»

ሁለተኛውም ያው ሆነበት። ሦስተኛው ላይ ግን ባለሱቁ ትሬብሉን፣ ያን ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ፣ እስከ ጫፉ ሲያዞረው ቅጭልታው ከሩቅ መጣ። የዲጄው ፊት በራ። ሚስቱ ግን ሁለት ጆሮዎቿን ይዛ ነበር፤ ባለሱቁም ፊቱን አኮማትሯል።

«ኧረ በናትህ፣ መርፌ ነው እኮ!» አለች ሚስቱ። «የመጀመሪያው ምን ወጣለት?»

«አንቺ ደግሞ! እኔ በስፌትሽ ገብቼብሽ አውቃለሁ?»

ቤታቸው የበሩ ደወል ሲጮህ የምትነሳው እሷ ብቻ ከሆነች ከርሟል፤ ቴሌቪዥኑን እሱ ሲከፍተው ጎረቤቱ ሁሉ ዜና ያዳምጣል። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ባልን፣ ያውም በጆሮው የሚኖር ባልን፣ ሰው ፊት ምን ይሉታል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ሌላው ሁሉ የጠረጠረውን እሱ ብቻ ሳያውቀው ሦስተኛውን ጥንድ አስጭነው ሄዱ።

ባለአዳራሿ የምትሰማው ሰርግ ከቀትር በኋላ ነበር። ዲጄው ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ስፒከሮቹን ከሚስቱ ጋር በእግራቸው አቁሞ፣ ትሬብሉን ልክ እንደ ሱቁ እስከ ጫፉ አዞረና ጀመረ። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ የፊት ጠረጴዛዎች ጉዞ ጀመሩ። ቀልድ አይደለም፤ እንግዶቹ ራሳቸው ተሸክመዋቸው ወደ ኋላ ሸሹ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ሙሽራዋ በቬሏ ሥር ጆሮዋን ያዘች። ለመጨፈር የተነሳ አንድም ሰው የለም፤ ባለአዳራሿ እጆቿን አጣምራ በር ላይ ቆማለች።

እሱ ድምፁ አልደረሳቸውም ብሎ ጨመረው። አይ ሰው!

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ድንገት ድፍን አለበት። ሄዶ ቢያይ ከስፒከሩ ጀርባ ያለው የትሬብል ቁልፍ ወርዷል። መለሰው። እንደገና ወረደ። ዘወር ሲል ሚስቱን እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ያዛት።

«ምን እያደረግሽ ነው? ልታዋርጂኝ ነው?»

«ሰዉን ጆሮውን እያመመው ነው። እኔንም ጭምር።»

«ዕቃው ነው የተበላሸው! ቆይ ላሳይሽ።» መሞከሪያ ዘፈኑን ጫነ። «ይኸው፣ ቅጭልታው የታለ? ስትቀንሺው ጠፋ!»

ሚስቱ አየችው። አስተያየቷ አስደነገጠው፤ እንዲህ የሚታየው አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ነው።

«አልጠፋም፣ የኔ ጌታ። አለ።»

እጁን ያዘችና በጣቷ መዳፉን መታ መታ ታደርግ ጀመር። ቅጭልታው ሲመጣ ትመታለች፣ ሲያርፍ ታርፋለች። ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል፤ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ አይጠፋውም። አንዷንም አልሳተችም። ዘፋኟም ቤዙም ዝም ብለው ቅጭልታው ለብቻው የሚጫወትባት ቦታ አለች፤ እዚያ ሲደርሱ የሚስቱ ጣት መዳፉ ላይ ይርበተበታል፣ እሱ ግን የሚሰማው አንዳች ነገር አልነበረም።

ክው አለ። ከዚያ ፈራ። ወገቡ የከዳው ጊዜ እንኳ «ጆሮዬ አለኝ» ብሎ ነበር የተጽናናው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት አድርጌ?» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ቁልፉን ለቀቀላት። እሷ እንደሚሆን አድርጋ አስተካከለችው። ጠረጴዛዎቹ ተመለሱ፤ ሰዉም አንድ ሁለት እያለ ተነሳ፤ ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ መሀል ገባች። ባለአዳራሿ እየሳቀች መጣች።

«አሁን ገና! ስፒከሩ ምን ሆኖ ነው እንዲያ ያደረገው? በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኛ ሰው ነህ።»

«ስፒከሩ ምንም አልሆነም» አላት። «እኔ ነኝ የማልሰማው። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

የቀለደ መስሏት ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «ተው እንጂ፣ እኔ ቁልፉን እይዝልሃለሁ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ።

ሰርጉ ግን የሰው ሰርግ ነው፤ እስኪያልቅ ማጫወት ነበረበት። የሚቀጥለውን ዘፈን ጫነና ድምፁ ደኅና መሆን አለመሆኑን ከጨፋሪዎቹ ፊት ላይ ይፈልግ ጀመር።