ኑማ የላከው ቁጥር አንድ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ባለቆብ ሽማግሌ ሞንሮ ከተማ ያለው ቤቴ ድረስ መጥተው አንኳኩ። በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ መልእክት የሚያቀባብሉ ሰው እንደሆኑ ነገሩኝና ከወረቀት አነበቡልኝ፦ «ከወንድምሽ ከኑማ። ሁላችንም ደህና ነን። እባክሽ አትጨነቂ።»

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ የተባልኩትን ነው የማደርሰው፣ የኔ እመቤት። ከዚህ ሌላ የለውም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያላሰማኝ ሰው አትጨነቂ ብሎ ከላከ፣ ሊሞት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ቴሌቪዥን ከፈትኩ፤ እሱ በሚኖርበት በባሕሩ በኩል ደመና እንኳ የለም። አውሎ ነፋስ ካልሆነ ልቡ ነው አልኩ። አባታችንንም የገደለው ልቡ ነው። ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ዝም።

እናታችንን የቀበርን ቀን ኑማ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ «አንቺ ለቀብር እንጂ ለሕመም አትደርሺም» ብሎኝ ነበር። እናታችን ያን ሁሉ ወር ተኝታ ስትማቅቅ አንዴ ነው ብቅ ያልኩት፤ ሥራ በዛ፣ መንገዱ ራቀ እያልኩ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈን ቀረን። ይኼኛው ሕመም ግን አያመልጠኝም አልኩ። ትናንት የሠራሁትን የዶሮ ጋምቦ ሾርባ ከነድስቱ በፎጣ ጠቅልዬ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። የሌሊት ልብሴን ያዝኩ። ጥቁር ቀሚሴንም ከነመስቀያው ከኋላ ወረወርኩት። እሱን እጄ ነው ያነሳው፣ እኔ አላዘዝኩትም።

ግማሽ ቀን ነዳሁ። ቤቱ ዝግ ነው። ጎረቤቱ አጥር ተደግፎ «እሳት አደጋ ጣቢያው ግቢ ነው ያለው» ሲለኝ ሮጬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፤ አምቡላንስም የሚቆመው እዚያው ነውና።

ደርሼ ምን ባይ ጥሩ ነው? ከዛፍ ዛፍ የሬዲዮ ሽቦ ተወጥሯል፣ ጀነሬተር ይጮኻል። አንዲት ሴትዮ በጠራራ ፀሐይ ማይክ ይዛ «ነፋሱ ጣራ እያነሳ ነው፣ ውኃው በረንዳ ደርሷል» ትላለች። በአውሎ ነፋስ ጊዜ ስልክ አይሠራም ብለው ስልኮቻቸውን ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ከተዋል። ወንድሜ ደግሞ ድንኳን ሥር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ወፍሯል እንኳ።

«ኢዩላ?» አለ ሲያየኝ።

«ልብህ ነው?»

«የምን ልብ?»

ልምምዱን የሚመራው፣ ራውል የሚባል ግዙፍ ሰውዬ፣ እየሮጠ መጥቶ እጄን ጨበጠ። «እህቱ ነዎት? ከሞንሮ? አያችሁ፣ የኑማ መልእክት ደርሷል። ሁላችንም ለአንድ አንድ ዘመድ ነው የላክነው፣ ተቀባዩን በአካል ያመጣ ግን እሱ ብቻ ነው።» ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ።

«ልምምድ ነው?» አልኩ።

«የዓመቱ ልምምዳችን። ቃሉማ የተዘጋጀ ነው። እኛ ‹አንድ› ብለን ቁጥሩን እንልካለን፣ ወዲያ ያለው ሰው ‹ደህና ነን፣ አትጨነቂ› ብሎ ያነበዋል።»

ደሜ ፈላ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ጅል መገተሬ አንገበገበኝ። «አትጨነቂ የምትለዋ እንኳ የራስህ አይደለችም» አልኩት ኑማን። «ቁጥር ነው የላክህልኝ። ስትሞትም ቁጥር አስልክልኝ፤ ለቀብር እንደሆነ መድረሴን ታውቃለህ።»

የሚያላምጠው ሁሉ ማላመጡን ተወ። ኑማ ቀና አላለም።

ራውል ነገሩን ሊያበርድ ብሎ «ኧረ እሱም ነጥብ አላገኘበትም» አለ። «‹ይህ ልምምድ ነው› ብሎ መጀመር ነበረበት፤ ያለዚያ ሰው ይደነግጣል። ሌላ ጊዜ ይቺን ቃል የረሳውን ሰው ቁም ስቅሉን የሚያሳየው ራሱ ኑማ ነው። ዛሬ ግን ‹ቃሉን ጨምር እንጂ› ብንለው፣ ብንለው፣ ‹አይጨመርም፣ እንዳለ ላኩት› ብሎ ድርቅ አለ።»

የኑማ ጆሮ ቀላ። እኔም ገባኝ፤ ለእሱ ልምምድ አልነበረም። የገባኝ ግን አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ስልክ መደወል አቃተህ?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አቃተኝ» አለ። «ከቁጥሮቹ ውስጥ ደግሞ ይቅርታ የሚል የለም።»

«ምግብ ይዤልህ መጥቻለሁ» አልኩና ወደ መኪናው ሄድን። እኔ ቁልፌን ስጎረጉር፣ እሱ ሊያግዘኝ ቀድሞ የኋላውን በር ከፈተ።

ጥቁሩ ቀሚስ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። ለእናታችን ቀብር የለበስኩት ነው፣ ያውቀዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለሕመም ነው የመጣሁት ልለው ነበር፤ በየት አፌ?

ኑማ ቀሚሱን ቆሞ አየው፣ አየው። ከዚያ አነሳውና እንዳይጨማደድ ከመስኮቱ በላይ ካለው መንጠቆ ላይ ሰቀለው፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋ።

«ምግቡስ?» አለ።

«ከፊት ነው» አልኩት። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።