የሲፈን ዋስ

በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት የፕሬስ ክፍል ኃላፊው ወንበር ተቀማጭ አይወድም ይባል ነበር። አንዱ ይሾማል፣ የደስ ደስ ይጋብዛል፣ ግብዣው ከአፍ ሳይወርድ ይነሣል። ሌላው ይተካል፣ እሱም መጋረጃውን ሳያስቀይር ይሄዳል። የት እንደሄዱ አይጠየቅም። ከነሱ ጋር ያመጧቸው ጸሐፊዎችና ዜና አዘጋጆች በየተራ ይጠረጋሉ፤ «የእገሌ ሰው ነው» ከተባለ አበቃለት። ይህ ሁሉ ሲሆን ከቦታው ያልተነቃነቀ አንድ ሰው ቢኖር ፎቶ አንሺው ባስልኤል ነበር።

ምስጢሩ ቀላል ነው፤ አይናገርም። ዝም አይነቅዝም። አለቃ ሲሾም ፎቶ ያነሣዋል፣ ሲሻር ፎቶውን ከግድግዳ አውርዶ ምስማሩን ለሚመጣው ይተውለታል። «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» እያሉ የሚያሙት ነበሩ። ሐሜቱ ግን አበዛው፤ ሰውየው አገር የማጥፋት ወኔ ከየት ያመጣል? ፈሪ ነበር። ራሱም አይክደውም፣ ሚስቱ የምሥራችም ታውቅለታለች። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እሱ ለየምሥራችና ለትንሿ ልጁ ለሰሎሜ ነበር የሚሰስተው።

እንግዲህ ይህ ሰው በ1983 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በአንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ቶሮንቶ አየር ማረፊያ አጠገብ ካለ ሆቴል የአንዲት ልጅ በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ ነው። ከውስጥ መልስ የለም። ብርዱ መስታወቱን አደብዝዞታል፣ እሱ ግን ላብ በላብ ሆኗል።

ልጅቷ ሲፈን ናት፤ የክፍሉ ዜና አዘጋጅ። አዲስ የተገዙትን ካሜራዎች አሠራር እንዲማሩ ከባስልኤል ጋር ተልካ፣ ኢቶቢኮ በሚባል የከተማው ሰፈር ካለው ኩባንያ እሱ ይማራል፣ እሷ ታስተረጉማለች። ሦስተኛው ተጓዥ አዲሱ የፕሬስ ኃላፊ ጓድ ዘመድኩን ነው። ጓድ መባባል እየቀረ ቢሆንም እሱ ግን መጠሪያውን ይወደው ነበር። የሁሉንም ፓስፖርት ሰብስቦ የያዘውም እሱ ነው፤ «ለጥንቃቄ» ብሎ።

ሲፈንን የቀጠራት ከዘመድኩን በፊት የነበረው ኃላፊ፣ ዓብይ፣ ነበር። ዓብይ አንድ ቀን ከቢሮው ተጠርቶ እንደወጣ ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሲፈን «የዓብይ ሰው» ሆነች። እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ቢገኝ ኖሮ ከአገር ባልወጣችም። ከአገር ለሚወጣ ሠራተኛ ደግሞ ዋስ ይጠየቃል። የሄደው ሰው ባይመለስ ዋሱ በአካሉ ይጠየቅበታል። ሲፈን ዋስ ስትፈልግ ቢሮው በሙሉ ድንገት ባለጉዳይ ሆነ፤ የአንዱ ሚስት ልትወልድ ነው፣ ሌላው ቀድሞ ለዘመድ ተዋሰ፣ ሦስተኛው ጭራሽ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ሳይመለስ ዋለ።

የፈረመላት ባስልኤል ነው። ጀግንነት አልነበረም፤ የምሥራች ናት ያስፈረመችው። ሰሎሜ ሆስፒታል ተኝታ እሱ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ክፍለ ሀገር በዞረበት ጊዜ ልጅቷን ስታስታምም የከረመችው ሲፈን ነበረች። «ልጄን ያስታመመች ልጅ ዋስ አጣች ከሚሉኝ አንተን ልጣ» አለችው ሚስቱ። ፈረመ።

አሁን ያ ፊርማ ሊያስጠይቀው ነው። ሲፈን ጠዋት «መድኃኒት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ዘመድኩን ኩባንያው ለምሳ ጋብዞት ሄዷል፣ አመሻሹ ላይ ይመጣል። ባስልኤል ከሱ ቀድሞ ልጅቷን ማግኘት አለበት። ካላገኛት የምሥራች በር ላይ መኪና ሲቆም ታየው፤ ሰሎሜ «ማነው?» ብላ ስትሮጥ ታየው። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

የት እንደምትሄድ መገመት አላቃተውም። የመጡ ዕለት ከአየር ማረፊያ ያመጣቸው ባለታክሲ የአገራቸው ሰው ነበርና «ሀበሻ ከናፈቃችሁ ብሉር የሚባለው መንገድ ነው» ብሏቸው ነበር። ያኔ ዘመድኩን ጉሮሮውን ጠረገ፣ ባለታክሲውም ነገሩ ገባውና ሌላ ቃል ሳይጨምር ነዳ። ባስልኤል በአውቶቡስ፣ ከዚያም በምድር ውስጥ ባቡር ሄደ። ሰው ባየው ቁጥር የተከተለው ይመስለዋል። ብሉር ወርዶ ጥቂት እንደሄደ የበርበሬ ሽታ አፍንጫውን መራውና አንድ ምግብ ቤት ገባ።

ወሬው ጸጥ አለ።

አንዱ ጋዜጣውን ወደ ፊቱ ከፍ አደረገ። አንዲት ሴት ሻርፗን እስከ ዓይኗ ሳበች። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ባስልኤል ምን አጠፋሁ ብሎ ቁልቁል ራሱን አየ። ካሜራው አንገቱ ላይ ነው። ሰው መነጽሩን እንደሚያደርግ እሱም ሳያስበው አጥልቆት ወጥቷል።

የቤቱ ባለቤት ኤልፍነሽ ሽሮ የነካው ማማሰያ እንደያዘች ከባንኮኒው ኋላ ወጣች። ጠና ያለች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት።

«አውቅሃለሁ» አለችው። «ቴሌቪዥን ላይ ከፕሬዚዳንቱ ኋላ ኋላ ትሮጥ ነበር። እዚህ ማንን ልታነሣ መጣህ?»

«ማንንም። እመቤቴ፣ እኔ—»

«እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አገር ቤት እናት አለው፣ ወንድም አለው። አንድ ፎቶ ኤምባሲ ከገባ የሚሆነውን አንተ ታጣዋለህ?»

ባስልኤል በዕድሜው ሰው ፈርቶት አያውቅም። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲፈራው ሲያይ ከራሱ ፍርሃት የባሰ ነገር ተሰማው፤ አፈረ። ካሜራውን ከአንገቱ አወረደ። የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ፊልሙን በጣቱ ይዞ እስከ መጨረሻው ጎትቶ መዘዘውና ብርሃን ላይ ዘረጋው። የመንግሥት ፊልም ነው፤ የሳምንቱ ሥራ በሙሉ አለበት። ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ወደቀ። በሥራ ዘመኑ አንዲት ፊልም ተቃጥላበት አታውቅም ነበር።

«ሲፈን የምትባል ልጅ ፈልጌ ነው» አለ። «ዋሷ እኔ ነኝ።»

ዋስ የምትለው ቃል እዚያ ቤት ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ጋዜጣው ዝቅ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የነበረው ጎልማሳ፣ ተሻገር ይሉታል፣ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረ።

«የኔ ዋስ የእህቴ ባል ነበር» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «እኔ እዚህ ሪፊውጂ ክሌም አድርጌ ጥገኝነት በጠየቅኩ በወሩ ወሰዱት። እህቴ እስከ ዛሬ ስልክ ስደውል አታነሣም።» ከዚያ ወደ ኤልፍነሽ ዞረ። «ጥሪያት እስቲ። ከፊቱ ቆማ ትንገረው።»

ሲፈን ከወጥ ቤት ወጣች። ዓይኗ አብጧል። ሲያያት እግሯ ሥር ልውደቅ ወይስ በጥፊ ልበላት የሚል ስሜት አንድ ላይ መጣበት።

«ጋሽ ባስልኤል፣ ይቅር በለኝ» አለችው። «ትናንት ቤት ደውዬ ነበር። ዓብይ የቀጠራቸውን በሙሉ ወስደዋቸዋል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከተመለስኩ ከአውሮፕላን ጣቢያው አላልፍም።»

«ዛሬ ሬክስዴል ከምትኖረው እህቴ ጋ ታድራለች» አለች ኤልፍነሽ። «ሰኞ ሎየር ጋ ወስደን ጠበቃ እናቆምላታለን። በቃ፣ አልቋል።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ባስልኤል ያለውን መናገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም ብሎታል። «ማንም አይነካሽም፣ እኔ አለሁ» አላት። ሹመኛ በተነሣ ቁጥር ምስማር ሲያጸዳ የኖረ ሰው «እኔ አለሁ» አላት። ውሸት መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ ማማሰያ የያዘችው ሴትም ታውቃለች። ቀጠለና የሰሎሜን ስም ጠራ። ስለ ሰሎሜ ምንም አላለም፤ ስሟን ብቻ ጠርቶ አለቀሰ።

ሲፈን ካፖርቷን አነሣች።

«ስሚ፣ አብደሻል?» አለች ኤልፍነሽ።

«ፈርሞልኛል፣ እትዬ ኤልፍነሽ። ሌላው ሁሉ ሲሸሸኝ እሱ ፈርሞልኛል» አለች ሲፈን።

አውቶቡሱ ወደ አየር ማረፊያው ሲቃረብ አውሮፕላን በላያቸው ባለፈ ቁጥር ልጅቷ ትከሻዋን ትሰበስባለች። ባስልኤል ዕረፍት ይሰማኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። የመጣበት ግን ሌላ ፍርሃት ነው፤ እስከዚያ ሰዓት የፈራው የሚደርስበትን ነበር፣ አሁን ያደረገውን ፈራ።

ዘመድኩን ሆቴሉ መግቢያ ካለው ሶፋ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ሲያያቸው ተነሣና፣ ጉድ ነው፣ ባስልኤልን አቀፈው።

«ሐይቁን ላሳያት ወስጃት—» ብሎ ጀመረ ባስልኤል።

«ተወው፣ ተወው፣ ሰምቻለሁ። ብሉር ላይ ወንድሞች አሉን፣ ስልክም አላቸው» አለ ዘመድኩን እየሳቀ። «ሄዳ ልትቀር ነበር፣ አንተ ከጉድጓዱ አወጣሃት። ለካ ያ ሁሉ ዝምታ ታማኝነት ኖሯል! ምክትሌ ከሰሞኑ ይነሣል፤ ወንበሩ ያንተ ነው።»

ባስልኤል ጋዜጣውን ዝቅ ያደረገው ሰው ትዝ አለው፣ ሻርፕ የሳበችው ሴት ትዝ አለችው። ወሬውን ያቀበለው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻለም። ወደ ሲፈን ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

ዘመድኩን ከደረት ኪሱ ፓስፖርቷን አውጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። «ከእንግዲህ አንተ ያዘው። ነገ በረራ አለ፣ ይዘሃት ትሄዳለህ። እዚያ ሰው ይቀበላችኋል።» ይህን ብሎ አዲስ አበባ ሊደውል ወደ ክፍሉ ወጣ። ሲፈን በደረጃው ወደ ክፍሏ ሄደች።

ባስልኤል በሯ ላይ እንደገና ቆመ። አሁን ሳያንኳኳ ተከፈተለት።

«አንተ ነህ የነገርካቸው?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ፓስፖርቴ እጅህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ፓስፖርቱን ዘረጋላት። እውነቱን ለመናገር፣ እጁን ሲዘረጋ ልቡ አትቀበዪኝ፣ እባክሽ አትቀበዪኝ ይል ነበር። ብትመልስለት ነገ ይዟት ይሄዳል፣ ወንበሩም ይጠብቀዋል፣ ሰሎሜም በሩ ላይ ሮጣ ትቀበለዋለች። እጁን ግን አልመለሰም።

ሲፈን እጁንም ፊቱንም አየች። «ሰሎሜስ?» አለችው።

«ሰሎሜ እናት አላት» አለ።

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ፓስፖርቱን ወሰደች።

ክፍሉ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው የሲፈን በር ሲከፈት ሰማ። የእግሯ ኮቴ በሆቴሉ ወጥ ቤት በኩል ወዳለው ደረጃ ሲሄድ ሰማ። ስልኩ አጠገቡ ነው፣ የዘመድኩን ክፍል ከሱ በላይ ነው፣ አንድ ጩኸት ይበቃል። የአልጋ ልብሱን በሁለት እጁ ጨብጦ አፉን ዘጋ። ኮቴው ቀስ በቀስ ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ዘመድኩን ነበር፣ ፊቱ በደስታ ፈክቷል።

«አዲስ አበባ ስላንተ ነገርኳቸው፣ ደስ ብሏቸዋል» አለ። «ልጅቷስ?»

«ተኝታለች» አለ ባስልኤል።

«አላለቀሰችም?»

«አለቀሰች፤ አሁን ግን ተኝታለች። ባይቀሰቅሷት ይሻላል።»

«ጎበዝ! አንተን የመሰለ ሰው ነው የቸገረን» አለና ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ባስልኤል በሩን ዘግቶ ቆለፈ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።