ሁለተኛው ስልክ

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ለሠርጓ ሁለት ሳምንት ስለቀራት አብራት የምታጠናው ጓደኛዋ «ሙሽሪት» የምትላት ተመራማሪ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል።

ጥናቱ ቀላል ነው። ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ሁለት ማመልከቻ ይላካል። ትምህርቱ እኩል፣ ልምዱ እኩል፤ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው። አንደኛው ሲጠራ «የእኛ»፣ ሁለተኛው «የእነዚያ» መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ለየስሙ አንድ አንድ ስልክ ተመድቧል። ቀጣሪ ሁሉ ሲጠየቅ «እኔ ዘር አልቆጥርም» ይላል፤ ስልክ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ለሁለተኛው ስም ሙሽሪት የሟች እናቷን ስም ነው የተዋሰችው፤ እናቷ አግብታ በሌላ ስም መጠራት ከመጀመሯ በፊት የነበራትን። ይህን ለእጮኛዋ አልነገረችውም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም።

አንደኛው ስልክ ጮኸ። ጓደኛዋ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሣችው።

«ከመድኃኒት አከፋፋዩ ነው የምደውለው። ለጸሐፊነት አመልክተው ነበር፤ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለፈተና ይምጡ።»

ሙሽሪት ግድግዳውን ተደገፈች። የእጮኛዋ ድምፅ ነው። ማስታወቂያው ላይ የነበረው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ስለሆነ የእሱ መሥሪያ ቤት መሆኑን አላወቀችም።

«ያኛውም ይጮሃል፤ እሱ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም» አለች ጓደኛዋ።

«አይደለም» አለች ሙሽሪትም። ሁለተኛውን ስልክ አነሣች፤ ባትሪው ሙሉ ነው። አስቀመጠችው፤ መልሳ አነሣችው። አንድ ሰዓት አለፈ። ትወደዋለችና ፈራች።

ጓደኛዋ ትዕግሥቷ ሲያልቅ ድምፅዋን ለውጣ በሁለተኛው ስልክ ደወለችለት። የእናትየውን ስም ጠርታ ስለ ማመልከቻው ጠየቀችው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ቦታው ተይዟል» አላት በለሰለሰ ድምፅ። ገና ማንም ሳይፈተን!

ብዙም ሳይቆይ የሙሽሪት የራሷ ስልክ ጠራ።

«የኔ ቆንጆ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው የጠፋሁት። ጸሐፊ አገኘን መሰለኝ።»

«አንድ ሰው ብቻ ነው ያመለከተው?»

«ሌላም ነበረች፤ ወረቀቷ ጥሩ ነው። ግን ከእነዚያ ናት፤ ታውቂያቸው የለ! ማን ጣጣ ይገዛል?» ብሎ ሳቀ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የጥናቱ ደንብ ዝም በይ ይላል። ጓደኛዋም በጣቷ ከንፈሯን እየነካች ዝም እንድትል ለመነቻት።

«ስሟን እስቲ ጥራልኝ» አለች ሙሽሪት።

ጠራላት።

«የእናቴ ስም ነው።»

እሱም እየተጣደፈ፣ «አንቺማ ሌላ ነሽ! አንቺ እኮ እንደነሱ አይደለሽም» አላት።

«የጥሪ ካርዱን ከማተሚያ ቤት እንዳታወጣው» አለችና ዘጋችው።