የውሃው እርሾ

ፈንታነሽና መምህር ሀብተማርያም የተጋቡት በጥር፣ ሁለቱም ወጣትነት ካለፋቸው በኋላ ነው። እሷ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር በስፌት መኪናዋ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። እሳቸው ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውን ካጡ ስምንት ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ያገናኛቸው አንድ የተተረተረ ኮት ነው። ኮቱን ሊያስጠግኑ መጡ፤ ቁልፍ ሊያስተክሉ ተመልሰው መጡ፤ በሦስተኛው ምንም የሚሰፋ ሳይዙ መጡ።

ተጋብተውም ፈንታነሽ «አንቱ» ማለቷን አልተወችም። ከተማው በሙሉ «መምህር» የሚላቸውን ሰው ተነስታ «አንተ» ልትል አፏ እንቢ አላት። አንድ ሁለቴ «ኧረ አንቱታው ይቅርብኝ» ቢሏት፣ «እሺ መምህር» ብላ አሳቀቻቸው።

በሠርጉ ሰሞን ወግ ሲይዙ፣ «ካደግሽበት አገር ምን ይናፍቅሻል?» ሲሉ ጠየቋት። ፈንታነሽ የደራ ልጅ ናት። ከሐሙሲት ወረድ ብሎ ጣና ዳር ነው ያደገችው፤ አባቷ በታንኳ ዓሣ ያጠምድ ነበር።

«ሌላው ይቅር፣ ውሃ ማየት» አለች። «እዚህ ውሃ የማየው ጀሪካን ውስጥ ነው።»

ተናግራ ረሳችው። መምህር ግን አልረሱትም።

በሳምንቱ ይርጋ የሚባል ብረት በያጅ እግሩ የወፈረ ማቆሚያ አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ አቆመ። ቀጥሎ መስታወት ቆራጮች መጥተው ጣት የሚያህል ውፍረት ያለውን መስታወት እዚያው በሲሊኮን አጣብቀው የዓሣ ገንዳ ሠሩ። ርዝመቱ አልጋ ያህላል። መምህር ከርብ ወንዝ ያስመጡትን ጠጠርና ድንጋይ ደጋግመው አጥበው አነጠፉበት። የቧንቧውን ውሃ በበርሜል ሁለት ቀን አሳድረው፣ ክሎሩ ሲወጣለት በባልዲ እየገለበጡ ሞሉት። አራት መቶ ሊትር ዋጠ። ማሞቂያውና ውሃውን በማጣሪያ የሚያዞረው ሞተር ከአዲስ አበባ በሰው መጡ።

ከዚያ በኋላ ግን ቸኮሉ። ባሕር ዳር የሚመላለስ ሹፌር ስድስት የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት አምጥቶላቸው ወዲያው ጨመሯቸው። ፈንታነሽ ከገበያ ስትመለስ፣ ጣት የማይሞሉ ዓሦች ከመስታወቱ ጀርባ ሲሽከረከሩ አየች። ነጠላዋን ሳታወርድ ቁጭ ብላ ስታያቸው አመሸች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስድስቱም ሆዳቸውን ሰጥተው ተንሳፍፈው ተገኙ። ፈንታነሽ በወንፊት አውጥታ ጓሮ ጌሾው ሥር ቀበረቻቸው። ስትመለስ መምህር አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አሉ። «እያወቅሁ፣ ፈንታ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። መርዙን የሚበላ ባክቴሪያ አስቀድሞ ማጣሪያው ውስጥ መራባት አለበት። አንዱ ዘር አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፤ ያም ይገድላል። ሌላው ዘር ደግሞ ናይትራይቱን ብዙ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈልጋል። ቶሎ ደስ ይበላት ብዬ…»

«ደስ ብሎኝ ነበርኮ» አለች። «አራት ቀን ሙሉ።»

ትከሻቸውን ልትነካ እጇን ዘረጋች። ምን እንደያዛት እንጃ፣ መልሳ ጠረጴዛውን ጠረገችበት።

ከዚያ ወዲያ መምህር ባዶውን ውሃ ይቀልቡ ጀመር። በየጠዋቱ ቁንጥር የዓሣ መኖ ይበትኑበታል፤ እንዲበሰብስና አሞኒያ እንዲወጣው፣ ባክቴሪያውም የሚበላው እንዲያገኝ። አንድ ቀን ጎረቤቷ እትዬ አበራሽ ወንፊት ልትዋስ ገብታ ይህንኑ አየች።

«ለማን ነው የሚያበሉት?» አለች በሹክሹክታ።

«ለማይታዩት» አለች ፈንታነሽ።

እትዬ አበራሽ አማተበችና ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች።

በየሦስት ቀኑ መምህር ከውሃው በትንሽ ብልቃጥ ይቀዱና መመርመሪያ ጠብታ ይጨምሩበታል። ውሃው ብጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። ዐቢይ ጾም ገባ፤ አንድ ወር ሞላ፤ አረንጓዴነቱ አልቀነሰም። መምህር ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው ሲያዩ ፈንታነሽ የምታየው ፊታቸውን ነበር። ሰውዬው ከሳምንት ሳምንት እየጠወለጉ ሄዱ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች አንድ ጠዋት። «ሊጥ ያለ እርሾም ይኮመጥጣል አይደል? ቀን ይፈጃል እንጂ። ግን እርሾ ያለቀባት ሴት ቁጭ ብላ አትጠብቅም፤ ከጎረቤት ትዋሳለች። የዚህ ውሃ እርሾ ያለው ጎረቤት የለም?»

መምህር ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሠላሳ አምስት ዓመት አስተማርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ አድርጌ አስረድቼ ግን አላውቅም።»

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ስለነበር፣ በተከፈተ በማግስቱ ሁለቱም ባሕር ዳር ወረዱ። ዳኛቸው የሚባል የዓሣ ጫጩት የሚያረባ ሰው አገኙ። ዳኛቸው ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ፣ ከአንዱ አሮጌ ማጣሪያ የጠቆረ፣ የሚያሟልጭ ስፖንጅ ጎትቶ አወጣ።

«ልጠበው?» አለችው ፈንታነሽ።

«እንዳይነኩት እናቴ። እድፉ ነው ሀብቱ» አለና ከራሱ ውሃ ጋር ባልዲ ውስጥ ከተተላት።

ሐይቁ ዳር ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። ፈንታነሽ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ ባልዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ሐሙሲት ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ሽታው ወጣ መሰለኝ፣ ረዳቱ ዞር አለ።

«እማማ፣ ባልዲው ውስጥ ምንድን ነው?»

«እርሾ ነው።»

«ታዲያ ይህን እርሾ የሚበላው ማን ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። መምህር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ፈንታነሽ አየች። ከዓሦቹ ሞት ወዲህ ሲስቁ ስታያቸው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስፖንጁ ማጣሪያው ውስጥ ከገባ በአሥረኛው ቀን ብልቃጡ ወደ ብጫ አደላ። በሌላው ብልቃጥ የሚመረመረው ናይትራይት ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኖ ብቅ አለ። መምህር ደስታው እንቅልፍ ነሳቸው። «የመጀመሪያው ዘር ሥራ ጀምሯል፤ አሁን ሁለተኛውን ነው የምንጠብቀው» አሉ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሞተሩ ዝም አለ። ፈንታነሽ ቤት ካመጣችው ስፌት ቀና ስትል መምህር ወንበር ላይ ወጥተው፣ በጣሳ ውሃ ከገንዳው እየቀዱ ከፍ አድርገው ማጣሪያው ላይ ያፈስሳሉ።

«ባክቴሪያዎቹ አየር ካላገኙ በጥቂት ሰዓት ይሞታሉ» አሉ እያለከለኩ። «ከቀዘቀዘም እንደዚያው።»

የወንበሩ እግር ይወዛወዛል፤ ወለሉ ውሃ ሆኗል። ፈንታነሽ መቀሱን ጣለች።

«ሀብቴ፣ ውረድ ከዚያ ወንበር። ወድቀህ ልትሰበርብኝ ነው። አንተ ብርድ ልብሱን አምጥተህ አልብሰው፤ እኔ እቀዳለሁ።»

ካለች በኋላ ሰማችው። እሱም ሰማው። ጣሳው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እሺ» አለ ሀብተማርያም፤ ወረደም።

ገንዳውን በሁለት ብርድ ልብስና በእሱ ጋቢ ጠቀለሉት። ከሰል አያይዞ ውሃ አፈላና በጀሪካን ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ውሃው ውስጥ አንሳፈፈው። እሷ ስትቀዳ፣ ክንዷ ሲዝል እሱ ሲቀበላት፣ ምሳ ሳያምራቸው ዋሉ። መብራቱ የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሞተሩ አጉረመረመና ውሃው ዞረ። ፈንታነሽ ጫማዋን አውልቃ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች። ሀብተማርያም አጠገቧ ተቀምጦ የዛለ ክንዷን እስከ ክርኗ ድረስ ቀስ እያለ አሸላት።

«ተርፈዋል ትላለህ?» አለችው።

«እንጃ ፈንታ። ነገ እናያለን።»

ተርፈው ነበር። በግንቦት መጀመሪያ አንደኛው ብልቃጥ ጥርት ያለ ብጫ፣ ሌላው ናይትራይት የሌለበት ሰማያዊ ሆነ። ሀብተማርያም አላመነም፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም መረመረ። ያው ነው። ዳኛቸው ስምንት ጫጩት በውሃና አየር በተሞላ ላስቲክ ላከላቸው። ላስቲኩን ሙቀቱ እስኪስተካከል ገንዳው ላይ አንሳፍፈው ቆዩ፤ ከዚያ ፈንታነሽ አፉን ፈታችው።

ዓሦቹ እንደ ተለቀቁ ከድንጋዮቹ ኋላ ገብተው ጠፉ። ሁለት ሰዓት ጠበቁ፤ አንድም አልወጣ። ሀብተማርያም ብልቃጡን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

«ተዋቸው። ቤቱ አዲስ ሆኖባቸው ነው።»

እጁን አልለቀቀችም። ቆይቶ አንደኛው ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። ፈንታነሽ በጣቷ ቆጠረች፤ ሰባት። እንደገና ቆጠረች፤ ሰባት። ሁለቱም ተንበርክከው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው፣ ስምንተኛውን በየድንጋዩ ሥር ፈለጉት። ከማጣሪያው ቱቦ ኋላ፣ ውሃው ሲወርድ አረፋ በሚሠራበት ቦታ፣ ብቻውን ሽቅብ ሲዋኝ አገኙት።

«ይኸውልህ» አለች።

የምሳው ወጥ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። እንደዚያው አቅርባው፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው በሉ።