በምርቃት ያመለጠኝ

ናሪን በምትባል የኪርጊዞች ከተማ፣ መምህራን ኮሌጅ ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ያኔ ለእያንዳንዳችን አንድ ክፍል ተማሪ ይሰጠንና እንደ እናት እንሆንላቸው ነበር፤ ሲታመሙ እንጠይቃለን፣ በዓመት አንዴም ቤታቸው ሄደን ወላጆቻቸውን እናያለን። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። የክፍሉ ምድጃ ጭስ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ቡሩልቻ የምትባል ተማሪዬ ሌሎቹ ሲወጡ ሰሌዳ ልጥረግ ብላ ትቀርና ታወራኛለች። አንድ ቀን፣

«ኤጄ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይሉናል።

«ምኑን?»

«ታሽከንት ሄጄ የጂኦሎጂ መግቢያ ፈተና ልፈተን ነው። አባባ ግን መንደራችን ተመልሼ እንዳስተምር ነው ሐሳቡ። ሰኔ ላይ በጎቹን ወደ ተራራ ስናወጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

«እኔ ጋ ይቀራል» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ግንቦት ላይ ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ሳቲባልዲ በግ አርደው፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ እያለ የክብሩ ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። አንድ ጎረቤት «እሷ ራሷ ገና ልጅ አይደለች እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ።

«ዝም በል አንተ፣ ልጄን ሰው ያደረገች እሷ ናት» አሉት። ወደ እኔ ዞረውም «ማዕዱን እርስዎ ይመርቁልን» አሉኝ።

እኛ ኪርጊዞች ዘንድ ምርቃት የትልቅ ሰው ድርሻ ነው። ልቤ አበጠ። መዳፌን ዘረጋሁ፣ ሁሉም ዘረጉ። ለበጎቹ መረቅሁ፣ ለቤቱ መረቅሁ፤ ሌላ የምለው ሳጣ፣

«ቡሩልቻንም የታሽከንቱ ፈተና ይቅናት፣ ጂኦሎጂስት ያድርግልን» አልኩ።

«ኦሚን» አለ ቤቱ ሁሉ፣ ፊቱን እየዳበሰ። ሳቲባልዲ ያልኩት የገባቸው «ኦሚን» ካሉ በኋላ ነው። እጃቸው ጉንጫቸው ላይ ቀረ።

ኦሚን የተባለበት ምርቃት አይመለስም። «እንግዲህ ትሂዳ» አሉ፣ ልጃቸውን ሳያዩ። ጎረቤቱ ሁሉ ዕድሏን ከፈትሽላት እያለ አመሰገነኝ። ቡሩልቻ አንገቷን ደፍታ ሳህን ትሰበስብ ነበር። ለአባቷ መንገር የእሷ ነበር፤ ነጠቅኳት።

ሐምሌ መጨረሻ አውቶቡስ ጣቢያ ልሸኛት ሄድኩ። አባቷ ሻንጣ ሲጭኑ ጠጋ ብዬ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ምን አጠፉ? ይኸው እየሄድኩ አይደል» አለችኝ በትሕትና።

«ፈራሽ?»

አፏን ከፈት አድርጋ ተወችው። «ደህና ነኝ» አለች።

ከዚያ ወደ አባቷ ሄዳ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገረቻቸው። አቀፏት። ደስም አለኝ፣ አንጀቴም ተቃጠለ። ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።