ሦስተኛው የሙከራ ጉድጓድ

በ1976 ዓ.ም. ከጂንካ የአንድ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር፣ ክሊኒክ የሚሠራበትን መሬት የምመረምረው እኔ ነበርኩ። ሁለቱ የሙከራ ጉድጓዶች ክረምት ሲገባ ግድግዳ የሚሰነጥቅ መረሬ አፈር ሆኑብኝ። ጠንካራ አፈር ካልተገኘ ክሊኒኩ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። የቀረኝ ሽታዬ የምትባል የመንደሩ ሴት ጓሮ ብቻ ነበር።

«እዚህ የተቀበረ ነገር አለ?» አልኳት።

«ምንም የለም።»

ከቆፋሪዎቹ ጋር ስንቆፍር ለመሠረት የሚሆን ቀይ፣ ጠንካራ አፈር አገኘን። አንድ ሜትር ስንወርድ ግን በጋቢ የተጠቀለለ ትንሽ አጽም ወጣ።

«ሴትዮ፣ ለምን ትዋሺኛለሽ!» ብዬ ጮህኩባት።

ሽታዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። «ልጄ ናት። ወባ ይዟት፣ ጂንካ ሐኪም ቤት ሳላደርሳት ጀርባዬ ላይ ሞተች። ብነግርዎ ክሊኒኩን ይወስዱብን ነበር።»

አጽሙን እንዳኖርበት ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችልኝ።

«አፈሩ ግን ጥሩ ነው አይደል?» አለችኝ።